ሦስተኛው ካንዴላ

ሰሞኑን መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ አንድ አሮጌ ሚኒባስ እየተንተፋተፈ መጣ። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ እንደሞተ ጆሮዬ ነገረኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እማዬ ለሥራ ቤሩት የምትሄድበት ቀን ደርሶ፣ ጎሮ ሰፈር፣ በራችን ላይ የአባዬ መኪና እንደዚሁ እየተንተፋተፈች ሚስ እያደረገች አልንቀሳቀስ አለች። አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ለየሲሊንደሩ እሳት የሚሰጡትን የካንዴላ ገመዶች በጨርቅ ይዞ አንድ በአንድ ይነቅላል። ጆሮው ስለሚከብደው የምሰማለት እኔ ነኝ።

«ተነቅሎ ድምፁ ካልተለወጠ የሞተው እሱ ነው። ተለወጠ?»

«ተለወጠ!»

«ይሄስ?»

«ተለወጠ!»

«ይሄኛውስ?»

«አልተለወጠም! ሦስተኛው ነው!» ብዬ ዘለልኩ።

እማዬ ሻንጣዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ «አንቺ ደግሞ! ዛሬን እንኳ ባትሰሚ ምናለ?» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ።

አባዬ ካንዴላውን ቀየረ። መኪናዋ ምንም ሳትል ኤርፖርት አደረሰቻት።

እማዬ በዚያው ቀረች፤ ሬሳዋ እንኳ አልመጣልንም። አባዬ ግን ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ያን ቀን ይቺ ልጅ ባትኖር እኮ እናቷን አውሮፕላኑ ጥሏት ይሄድ ነበር» እያለ ይኮራብኛል።