ኤክስፒን የተሰናበትንበት ማክሰኞ

ልጅ እያለሁ ኮምፒውተር ይሞታል ብዬ አምኜ ነበር፤ ያውም ቀን ተቆርጦለት። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለው ግቢያችን በሙሉ አምኗል።

ኮምፒውተሩን ታላቅ ወንድሜ ኢድሪስ ሰሊጥ ደህና ባወጣበት ዓመት ከካርቱም ያመጣው ነው። ያኔም አሮጌ ነበር። ስክሪኑ ጀርባው እንደ ጆንያ ያበጠ፣ ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ የሚሸት ነው፤ እናቴ የዳንቴል ልብስ ሠርታለታለች። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ኤክስፒ የተባለ ፕሮግራም አረብኛ ስለነበር ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከቀኝ ነው፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ ቁልፍ እንኳ ታች በቀኝ ጥግ ነው ያለው። ሲነሣ አጭር ዜማ ያሰማና ያ አረንጓዴ ኮረብታ ብቅ ይላል። ውጭ ጥቁሩ አፈር በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ ቤት ውስጥ ያ ልምላሜ! ጎረቤታችን ሐጂ ይማም ባዩት ቁጥር "ይኼ'ኮ ጭልጋ ነው፤ በነሐሴ ነው ያነሡት" ይላሉ። እናቴ አርማጭሆ ነው ብላ ትከራከራቸዋለች። እኔ እዚሁ ሱዳን ስለተወለድኩ ሁለቱንም አገራቸውን አላየሁም፤ ስለዚህ በየተራ አምናቸው ነበር።

ኮረብታው ግን ጌጥ ነው። ዋናው ነገር የእህቴ የዘይነብ የሠርግ ቪዲዮ ነበር። ዘይነብ አግብታ ጅዳ ከሄደች ወዲህ በስልክ ድምጿን እንሰማለን እንጂ ፊቷን አይተን አናውቅም። ቪዲዮው የመጣበት ሲዲ መኪና ውስጥ ተረስቶ በፀሐይ እንደ ቂጣ ተጣሟል። እናቴ ልጇን የምታየው እዚያች ስክሪን ላይ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሞባይል ጠጋኝ ዑስማን ከሞተሩ ሳይወርድ በር ላይ ቆመና "ኤክስፒ ማክሰኞ ኸላስ! ከዚያ ወዲያ የለም!" ብሎ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ኢድሪስ በጋላባት በኩል እርሻ ላይ ነው፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "የለም ማለት ምን ማለት ነው፣ ጀማልዬ?" የማላውቀውን መናገር ስለማልወድ ዝም አልኩ። ዝምታዬን መርዶ አድርጋ ወሰደችው።

ማክሰኞ ከአሱር ሶላት በኋላ ቤታችን ሞላ። ሴቶቹ የታመመ ሰው እንደሚጠይቁ ስኳር ይዘው መጡ። ወለሉ ላይ ውሃ ተረጨ፣ አልጋው ወደ ግድግዳ ተገፋ፣ እኔ መዳፊቱን ይዤ መሐል ተቀመጥኩ። ልቤ እንደ ዒድ ጠዋት ይመታ ነበር። ሐጂ ይማም ንጹሕ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጠምጥመው ገቡ። እኛ ዘንድ መንገደኛ ሳይታወፍ አይለያይም፤ የበደለውም የተበደለውም ይቅር ይባባላል። ሐጂ እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው ጀመሩ።

"እንግዲህ፣ ብዙ አስቸገርንህ። ልጆቹም አልከፈት ስትል በጥፊ መትተውሃል። አውፍ በለን።"

"ሐጂ፣ እሱ እኮ አረብኛ ነው የሚያውቀው!" አለች እናቴ።

ሐጂ ጥቂት አሰቡና ጎንበስ ብለው "ሳሚሕና፣ ያ አኺ"፣ ይቅር በለን ወንድሜ፣ አሉት። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑት።

ቪዲዮውን ከፈትኩ። ሐጂ ዱላ ይዘው ሲጨፍሩ ታዩ፤ ራሳቸው ሐጂ "ያ ጉልበታም ማነው?" ብለው አሳቁን። ከዚያ ዘይነብ በቀይ ቶብ ተሸፍና፣ እጇን ሒና ተቀብታ ወጣች። ሳቋ የሚመጣበትን ቦታ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ሁላችንም ወደፊት ተጠጋን። ፊቷን ልትገልጥ እጇን ስታነሣ ስክሪኑ ጨለመ።

 "ሄደች" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

እኔ ግን ቀና ብዬ አየሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያም እየደከመ፣ እየደከመ ሊቆም ነው። "መብራት ነው! መብራት ነው የጠፋው!" ብዬ ጮህኩ።

"ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ!" አሉ ሐጂ። "አንተም ድምፅ አለህ እንዴ?"

ማራገቢያው ላይ አፍጥጠን ቆየን። ክንፎቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ቁልፉን ተጫንኩ። ሳጥኑ አጉረመረመ፣ ነጫጭ ጽሑፎች አለፉ፣ ከዚያ ያቺ ዜማ! እልልታው ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንን ሳይቀር አስወጥቶ "የማን ሠርግ ነው?" አስባለ። ዘይነብ ፊቷን ገልጣ እስክትስቅ ድረስ ማንም አልተቀመጠም።

በነጋታው ማለዳ እናቴ ቀስቅሳ አስከፈተችኝ። ሠራ። ሐጂ "አውፍ ብሎናል ማለት ነው" ብለው ነገሩን ዘጉት። ኢድሪስ ከእርሻ ሲመለስ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ያበቃው ከሠሪዎቹ የሚመጣው ጥገና ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም አለን። ሆኖም ስቆ ሲጨርስ ፍላሽ ፈልጎ ቪዲዮውን ገለበጠው።

አሁን ዘይነብን በየጁምዓው በስልክ እናያታለን፤ እናቴ እንዲያውም ከስተሻል እያለች ትቆጣታለች። የእኔ ላፕቶፕ እኛ ተኝተን ራሱን ያድሳል፤ አሮጌው ፕሮግራም መቼ እንደሄደ አላውቅም፣ አውፍ የሚለውም የለም። ሲከፈት ድምፅ የለውም። እጄ ግን እስካሁን መጀመሪያ ወደ ቀኝ ጥግ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ጓዳ ሳጸዳ አሮጌውን ሳጥን ከነስክሪኑ አገኘሁት። ለማንም ሳልናገር አቧራውን ጠርጌ ሰካሁት። አጉረመረመ፣ ያ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ዜማዋም ተሰማች። ኮረብታው ገና ሳይወጣ ከግቢ፣ ልብስ ከምታሰጣበት፣ የእናቴ እልልታ ቀደመው።