ወደ ኋላ የሚዞር ሞተር

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ስማር ለተግባር ልምምድ ባሕር ዳር ተመደብሁ። ቦታው ሐይቁ ዳር ያለ የአትክልት እርሻ የፓምፕ ክፍል ነበር።

ኃላፊው ገና ሲያየኝ ጠላኝ። አባቴ ወረታ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ መሆኑን ሰምቷል። «የንዑስ ከበርቴ ልጅ ደግሞ ላኩብኝ?» አለ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ፣ ለሠራተኞቹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ መፈክር መጻፍ ሆነ። «ሳይንስ ለሰፊው ሕዝብ» እያልሁ ጨርቅ ላይ በቀይ ቀለም ስጽፍ እውላለሁ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ግን ቆልፎብኛል።

ሞተሩ ተጠግኖ ከተመለሰ ወዲህ ፓምፑ የሚሰጠው ውኃ ለጎመኑ አልደርስ አለ። አንድ ቀን ቀለሜን አስቀምጬ ጠጋ ብዬ አየሁት። ፓምፑ ላይ የተሣለው የመዞሪያ ቀስት ወደ ቀኝ ያመለክታል፤ ዘንጉ ወደ ግራ ይዞራል።

«ጓድ ኃላፊ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማለዋወጥ ይበቃል» አልሁት።

«ወደ ቀለምሽ!» አለኝ።

ጎመኑ ጠወለገ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ባለሥልጣን ስለ ሳይንስ ፖሊሲ ሊያወያየን መጣ። ኃላፊው ተነሥቶ ተማሪዋ ከሠራተኛው ጋር እጅና ጓንት ሆና እየሠራች ነው ሲል ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁ።

«እኔ እዚህ የተማርሁት ቀለም መቀባት ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ጎመኑ ደረቀ፤ ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። ፖሊሲ የምትሉት ይኸ ከሆነ ይቅርባችሁ!»

ባለሥልጣኑ «እንሂድና እንየው» አለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኃይሉን አጥፍቶ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጠ። ሲያበራው ውኃው ከቱቦው እየተምዘገዘገ ወጣ። ባለሥልጣኑ የኃላፊውን እጅ ጨብጦ «ፖሊሲያችን በተግባር ይኸ ነው!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ወደ እኔ ዞር ብሎ ያየ ሰው የለም።

በሳምንቱ ኃላፊው «ሥነ ሥርዓት የላትም» ብሎ በልምምዱ ጣለኝ። ቢሮው ገባሁ።

«ውኃው ወጣ አይደለም እንዴ?»

«ወጣ። አንቺም ውጪ።»

በእሱ ምክንያት ከጓደኞቼ ጋር ሳልመረቅ ቀረሁ፤ ልምምዱን ሌላ ቦታ ደገምሁ። አስተማሪ ሆኜ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ወደ ጎንደር ስሄድ አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ቆመ። ሻይ ቤት ብገባ እሱ ተቀምጧል።

«የፊዚክሷ ልጅ!» ብሎ እየሣቀ እጁን ዘረጋልኝ።

እጄን ከነጠላዬ ሥር አላወጣሁም። ሻይ ሳላዝዝ ወጥቼ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀመጥሁ፤ ጎንደር እስክንደርስ ጥርሴን እንደ ነከስሁ ነበርሁ።