የፊት ቀኝ ጎማ

የትምህርት ቤት ልጆች የሚያመላልሰውን ሾፌር ሁሉም ሰው «ጡሩምባ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በየበራቸው ቆሞ ጡሩምባውን ሲያንባርቀው እንኳን የተኛ ተማሪ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሣል። የራሱ ድምፅም ከመኪናው አያንስም። ሰላም ሲል የሚጣላ ይመስላል፤ ሲጣላማ አያድርስ ነው።

ሚኒባሱን ለአሥራ አራት ዓመት ያሠራው አንድ መካኒክ ጋ ነው። ሽማግሌውን መካኒክ ደንበኞቻቸው «ዶክተር» ይሏቸዋል። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ይተክሉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ «ይቺ ናት» ይላሉ፤ እሷው ትሆናለች። ሌላው ግማሽ መኪና ፈታትቶ የሚያጣውን ብልሽት እሳቸው በጆሮ ያገኙት ነበር። ጡሩምባ በእሳቸው ነበር የሚምለው።

ስለዚህ ሚኒባሱ ከፊት በኩል እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ሲጀምር ሌላ ቦታ መሄድ በሐሳቡም አልመጣም። ዶክተሩ አጠገቡ ተቀምጠው ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሩ። አንገታቸውን እንደ ዶሮ ወዲህ ወዲያ ያደርጋሉ።

«ጋሼ፣ አንገትዎን ምን ነካው?» አለ ጡሩምባ እየሳቀ።

«ትራስ ነው» አሉ። ቆይተውም፣ «የፊት ግራ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማህ የሚሽከረከርበት አልቋል» አሉት።

በማግስቱ ኩሽኔታው ተቀየረ፤ ድምፁ ግን አልሄደም። ሌላ ሰው ቢሆን የዚያኑ ዕለት ይመለስ ነበር። ጡሩምባ ዶክተሩ የነኩትን መጠራጠር ነውር መሰለውና «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል» እያለ ራሱን ደለለ። በስድስተኛው ቀን አሥራ አንድ ልጆች ጭኖ ሳለ የፊት ቀኝ ጎማ ጨሰ፣ ከዚያም ቀጥ አለ። እግዜር ሲጠብቅ በዝግታ ዳገት እየወጣ ነበርና ማንም አልተጎዳም። ልጆቹ እየተሳሳቁ በእግራቸው ሄዱ፤ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ቀረ። ርዕሰ መምህሯም መኪናው ሌላ ጋራዥ ሳይመረመር ልጅ እንዳይጭን አገዱት።

የሌላው ጋራዥ መካኒክ ፈትቶ አየውና ከት ብሎ ሳቀ። «ዶክተርህ የታመመውን እግር ትተው ደህናውን ነው የቆረጡት!»

የጡሩምባ ደም ፈላ። ደህና ዕቃ አውጥቶ ሌላ መክተት ከስርቆት በምን ይለያል? ንዴቱን ይዞ መጀመሪያ የሄደው ግን ወደ ጋራዡ አልነበረም፤ ሾፌሮች ልጆች እስኪወጡ ቆመው ወደሚጠብቁበት ወደ ትምህርት ቤቱ በር ነው። እዚያ አሥራ አምስት ሾፌር እየሰማ ዶክተሩን አብጠልጥሎ ሲያበቃ ወደ ጋራዡ ገሰገሰ።

ዶክተሩ ሞተሩ እየሠራ ያለ መኪና ኮፈን ሥር ተደፍተዋል። አግዳሚው ላይ ሁለት ደንበኞች ተራ ይጠብቃሉ። ጡሩምባ በቀኛቸው መጥቶ ቆመ። ለዕድሜያቸው ብሎ፣ ከስንት ዘመን አንዴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ገንዘቤን ይመልሱልኝ። የሠሩት ሥራ ልጆች ሊፈጅ ነበር።»

ቀና እንኳ አላሉ። ደገመው። ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት መሰለው፤ ያኔ የገዛ ድምፁ መጣ።

«አንተ ሌባ! ላንተ እኮ ነው የምናገረው!»

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ «አንተ» ብሏቸው አያውቅም። ሽማግሌው ደንግጠው ቀና አሉና ወደ ግራ ዞሩ። እዚያ ማንም አልነበረም። ጡሩምባ ይህንንም ንቀት አድርጎ ቆጠረው፤ ፊታቸው ላይ ቆሞ ስለ ቀኙ ጎማ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ልጆቹ አንባረቀባቸው። የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ።

«ስጪው» አሉ ደረሰኝ ለምትጽፈው ልጃቸው። «ሙሉውን።»

ከደንበኞቹ አንዱ ተነሥቶ ቁልፉን መልሱልኝ አለ።

ልጅቷ ጡሩምባን እስከ በሩ ተከተለችው። «ወንድሜ፣ ሌባስ አትበለው» አለችው። «የቀኝ ጆሮው ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። ድምፁን ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ሁሉ ነገር ከግራ ነው የሚመስለው። ሰው እንዳይሰማ ብሎ አስምሎኛል፤ አደራህን።»

ጡሩምባ ብሩን ጨብጦ መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ። ያ አንገት ሲዞር አይቶ ስቆ ነበር። «ትራስ ነው» ሲሉት አምኗል። በስድስት ቀን ውስጥ አንዴ እንኳ ተመልሶ «ጋሼ፣ ድምፁ አልሄደም» ቢል እኮ ሁሉም በሁለት ሰው መካከል ያልቅ ነበር። ራሱን ጠላ።

እገዳው በአራተኛው ቀን ተነሣለት። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሾፌሮቹ «ያ ሌባ ዶክተርህስ?» እያሉ ተቀበሉት። ሦስቱ መኪናቸውን ከዶክተሩ ጋራዥ አውጥተዋል።

«ተሳስቼ ነው፤ ሌባ አይደሉም» አለ።

«ታዲያ ደህናውን ለምን ቀየሩት?»

እውነቱን ቢናገር አደራ መብላት ነው፤ በዚያ ላይ በጆሯቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰው ጆሮ የላቸውም ከተባለ ማን መኪናውን ይሰጣቸዋል? ዝም ቢል ደግሞ ስማቸው በሌብነት እንደ ጠፋ ይቀራል። ዝም አለ።

በሦስተኛው ሳምንት እንደ ምንም ራሱን ጎትቶ ጋራዡ ሄደ። አግዳሚው ባዶ ነው። ዶክተሩ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተበሳ ጎማ ይለጥፋሉ። ጡሩምባ በቀኛቸው ቆመ። የማይሰማው የቱ ጆሮ እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ወደ ግራ ለመዞር ሦስት እርምጃ ይበቃው ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ በለሆሳስ። የትራፊክ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ሲያጠናው የሰነበተውን ሁሉ፣ የሾፌሮቹን ነገር ሳይቀር፣ ተናገረ። ዶክተሩ ላስቲኩን መፋቅ አላቆሙም። ጥቂት ጠበቀና ወጣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ «ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅካቸው?» አለችው።

«ጠየቅኩ።»

«እና ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

«ውይ!» አለች፤ «እንዲህ ቂም የሚይዙ ሰው አይመስሉኝም ነበር።»

ጡሩምባ አላረማትም።