የማዳም ጣውንቶች

ማዳም «ጣውንቶቼ» ትላቸው ነበር። ሁለት ናቸው፤ ቁመታቸው እስከ ደረቴ፣ እንጨታቸው ፊት የሚያሳይ፣ ኾበር ባለው ቤት ትልቁ ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ የሚቆሙ ስፒከሮች። በደማም ወደብ በኩል በእንጨት ሳጥን ታሽገው የመጡ ቀን አራት ሰው ተሸክሞ ሲያስገባቸው፣ ባሏ ባባ ሙሽራ እንደሚያስገባ ሰው ፊት ፊት እየሄደ «ሽዋይ ሽዋይ!» ይላል፤ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። ማዳም በሩ ላይ ቆማ አየች አየችና «ኸላስ፣ አበቃ፣ በላዬ ላይ አገባ፤ ያውም ሁለት ባንድ ቀን» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ግን ጣውንቶቹን የምወለውለው እኔ መሆኔ ሲገባኝ ሳቁ ቀረ።

ያን ሰሞን እኔ ሳቅ የሚሆንልኝ ሰውም አልነበርኩም። እናቴ ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ጆሮዋ እየተደፈነ ነበር። መጀመሪያ «ድገሚልኝ» ማለት አበዛች። ከዚያ ሬዲዮኗን ለጎረቤት ሰጠች። እህቴ ደሴ ሐኪም ቤት ብትወስዳት «እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም» ተባለች። እኔ ሦስት ዓመት አላየኋትም፤ የምትይዘው ድምፄን ብቻ ነው። ገና ድምፄን እየለየች ሳለች ልድረስ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ብዬ ባባን ኹሩጅ ጠየቅሁት። ሄዶ የመመለሻው ፈቃድ ነው፤ እሱ በስልኩ ካላወጣልኝ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ደርሼ መመለስ ብቻ ነው ትርፌ። «ኢንሻአላህ፣ ስፒከሮቹ ይምጡና» አለኝ። መጡ። «ቦታቸውን ይያዙና» አለኝ። ቦታቸውን አልይዝ አሉ።

እንዴት ይያዙ? ሰውየው አያስቀምጣቸው! መግሪብ ሰግዶ ይመጣና መሀል ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ ይነሳል፣ አንዱን በጣት ያህል ያዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ እንደገና ይነሳል። ሜትር ከኪሱ አይጠፋም። ትንሽ የተሻለ ሲመስለው ለቦታቸው ምልክት እብነ በረዱ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ይለጥፋል፤ ሌላ ቀን ሌላ ይለጥፋል። ቤት ውስጥ የሚሰማው ሰው ስላልነበረ የሚያስረዳው ለእኔ ነው። «ሹፊ፣ ተመልከቺ፣ ዘፋኟ ከሳጥኑ ውስጥ የምትዘፍን ከመሰለሽ ተበላሽቷል። ሁለቱም ሳጥን መጥፋት አለበት። እሷ መሀል ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ መቆም አለባት።» እኔ መወልወያዬን ይዤ «አይዋ ባባ» እላለሁ። ውስጤ ግን እየተቃጠለ ነው። ለአንዲት ጣት ርቀት ወር ሙሉ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ የእናቴ ጆሮ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ምንም አይመስለውም? ጠላሁት። ስፒከሮቹንም ጠላኋቸው። ደግሞ ሲዘፈን ቆሜ መስማቴን አልተውኩም።

አንድ ጁምዓ እንደልማዴ ከመግሪብ በፊት ስደውል እናቴ ሁለት ጊዜ «ማን ልበል?» ብላ ነው የለየችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ሩዝ እያጠብኩ ሻንጣዬን አስባለሁ፤ ልብስ እየተኮስኩ ቀን እቆጥራለሁ። ባባን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። «የፊታችን ጁምዓ ጓደኞቼ መጥተው ይስሟቸው፤ ከዚያ ወላሂ አወጣልሻለሁ» አለ። ወላሂ ካለ አለቀ፣ አልኩ ለራሴ።

ጁምዓ ደረሰ። ባባ ወደ መስጊድ፣ ከዚያ ማዳምንና ልጆቹን ይዞ ደማም፣ አል ጀለዊያ፣ እናቱ ቤት ምሳ ሊበላ ሄደ። የሚመለሱት በዐስር ሶላት ሰዓት፣ ከእንግዶቹ ጋር እኩል ነው። ማዳም አባያዋን እያጠለቀች አዘዘችኝ፤ «እነዚያ ጣውንቶቼ ሥር አቧራ አለ። እንግዳ መጥቶ እንዳያሳፍረኝ፤ ወለሉ ፊት ያሳይ!» ማዳም እብነ በረድ ላይ የተለጠፈ ነገር ካየች ደሟ ይፈላል። ልጆቹ ስቲከር በለጠፉ ቁጥር ሦስት ዓመት ሙሉ የተቆጣችው እኔን ነው።

እኔም ማቀዝቀዣ እንደምንገፋው እርጥብ ፎጣ አጥፌ ሥራቸው ሰደድኩና አንድ በአንድ ጎትቼ አወጣኋቸው። በክሎሮክስ አጠብኩ፣ አደረቅሁ። የተለጣጠፈውን ሁሉ እንደ ልጆቹ ስቲከር በቢላዋ ልጬ አነሳሁ፤ እልከኛውን በጥፍሬ። ከዚያ ስፒከሮቹን ግድግዳው ጥግ፣ ቀጥ አድርጌ፣ እንደ ወታደር አቆምኳቸው። ሳሎኑ ሰፋ። ደስ አለኝ፤ ወላሂ ሻንጣዬን የዘጋሁ ያህል ደስ አለኝ።

የጁምዓ አንድ ሥራዬ የስፒከሮቹን የድምፅ ማጉያ ባባ ከመምጣቱ በፊት ከፍቼ ማሞቅ ነበር፤ ካልሞቀ ድምፁ አያምርም ይላል ባባ። ልከፍት ጎንበስ ስል ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ዐይኔ ገባ። ሰማያዊ ፕላስተር፣ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ። ክው አልኩ። የባባን የአንድ ወር ድካም በቢላዋ ልጬ ጥያለሁ። ኹሩጄንም አብሬ።

አፌን በእጄ ይዤ ሳሎኑን ዞርኩት። ስፒከሮቹ የት ቆመው እንደነበር አላስታውስም፤ ምንጣፉም ተነስቷል፣ ወለሉም እኔው አሳምሬ ምልክት የሚባል አላስቀረሁበትም። ወጥ ቤት ሄድኩ፤ ተመለስኩ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። ልደውልለት ስልኬን አንስቼ አስቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ፣ ምን እንደሚፈይድልኝ እንጃ፣ ባባ ዘወትር የሚሰማውን፣ በዐረቦቹ ክራር በኡድ የታጀበውን ዘፈን ከፈትኩና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ወንበር አቧራ ከማራገፍ በቀር ነክቼው አላውቅም።

ዘፋኟ ሴትዮ ከግድግዳው ውስጥ ነው የምትዘፍነው። ኡዱ አንዱ ጥግ ተጨናንቋል። እንዲህማ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ወር ሙሉ ቆሜ ሰምቻለሁ። ተነሳሁ፤ ወደፊት ጎተትኳቸው። ተቀመጥኩ፤ አሁን ሁለት ሴትዮ ሆነች፣ አንዷ ግራ አንዷ ቀኝ። ተነሳሁ፤ አቀራረብኳቸው። ተቀመጥኩ፤ ታፈነች። ልጅ ሆኜ እናቴ መንዙማ ይዛኝ ስትሄድ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ነበር የምንቀመጠው። መሪውን አናየውም፤ ግን የት እንደቆመ እናውቃለን። ድቤው ከወዲህ፣ ጭብጨባው ከግራና ከቀኝ፣ እሱ መሀል። እናቴ ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ታሳየኝ ነበር፤ «ያውልሽ፣ እዚያ ጋ ነው።» እኔም ዐይኔን ጨፈንኩ። ተነስ፣ ግፋ፣ ተቀመጥ፤ ተነስ፣ አዙር፣ ተቀመጥ። ላቤ እብነ በረዱ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱን ደግሞ እጠርጋለሁ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እንጃ። አንዴ ቁጭ ስል ሴትዮዋ ባዶው ቦታ ላይ ቆመች። ትንፋሽ ስትስብ ሰማኋት። ዐይኔን ስገልጥ ማንም የለም፤ ውጭ መኪና ቆመ።

እንግዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ጡረታ የወጡ ሐኪምና አንድ ጎረቤታችን መሐንዲስ። ሁለቱም የየራሳቸው ጣውንት አላቸው። ሻይና ተምር አቀርባለሁ፣ ልቤ ግን ወለሉ ላይ ነው። መሐንዲሱ ገና ሳይቀመጥ ስለራሱ ስፒከሮች እሮሮ ጀመረ፤ «የእኔዎቹ ከበሮው ሆድ ይመታል። ዘፋኟ ግን ጉድጓድ ገብታለች። ምንጣፍ ቀየርኩ፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ሚስቴ ተናዳ እናቷ ቤት ሄደች፤ ዘፋኟ ግን አልወጣችም!» ሐኪሙ ደግሞ «የእኔ ከመጥራቱ የተነሳ ግማሽ ሰዓት ካዳመጥኩ ራሴን ያመኛል። ጥራት አለ፣ ሰው የለበትም» አሉ። ባባ ፈገግ ብሎ ዘፈኑን ከፈተ።

ሐኪሙ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ «ይህቺ ሴትዮ እዚህ ቆማ ነበር እኮ» አሉ፣ በከዘራቸው ባዶውን ወለል እያመለከቱ። «ምን አደረግህ? የመጡ ሰሞን ስሰማቸው እንዲህ አልነበሩም።»

ባባ መልስ ሊሰጥ ሲል ወለሉን አየ። ፕላስተር የለም። ስፒከሮቹን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ባባ፣ እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ልጬ ጣልኩት። ቦታቸው ሲጠፋብኝ በጆሮዬ ፈልጌ አቆምኳቸው።» ሜትሩን አውጥቶ ተንበረከከ። ለካ፣ ተነሳ፣ ሌላውን ለካ። እሱ ካስቀመጠበት አራት ጣት ያህል ወደፊት ወጥተዋል። ፊቱ ቀላ። መቆጣቱ ይሁን ማዘኑ መለየት አቃተኝ።

ሐኪሙ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ወላሂ ካንተ ጆሮ የእሷ ይበልጣል! ጠይቂው የኔ ልጅ፣ የፈለግሽውን ጠይቂው፤ ዛሬ እንቢ አይልሽም።»

እዚህ አገር ሰው በእንግዳው ፊት የተለመነውን እንቢ ካለ ነውር ነው። ሦስት ዓመት የሻይ ትሪ ይዤ ስቆም ስንቱ በዚህ መንገድ ጉዳዩን ሲያስፈጽም አይቻለሁ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ኹሩጄን» አልኩ። «አሁን፣ እንግዶቹ ሳይሄዱ።»

ከበሩ ጀርባ ማዳም «ዐይብ! ነውር ነው!» ስትል ሰማሁ። ባባ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ከዒድ በኋላ ብንለው… አሁን እሷ ካልነበረች እነዚህን…» አለና ወደ ስፒከሮቹ ተመለከተ። ደሜ ፈላ። ቦታቸው ሲጠፋም በእነሱ፣ ሲገኝም በእነሱ ልቀር ነው! «እናቴ ደንቁራ ሳትጨርስ ነው የምፈልገው» አልኩ። ሐኪሙ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ጆሮ አንዴ ከሄደ አይጠብቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነበር።» ባባ ስልኩን አወጣ። ከንፈሩን ነክሶ ነካካው። የእኔ ስልክ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ኹሩጄ ወጥቷል፤ ለሁለት ወር።

እንግዶቹ ሲሸኙ ጠብቄ፣ ገና መግሪብ ሳይባል፣ ጓሮ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። አነሳችው።

«እማ! እኔ ነኝ! ልመጣ ነው! ኹሩጄ ወጣልኝ!»

«ሀሎ? ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እማ! ልጅሽ! መጣሁልሽ!» የጎረቤት ግቢ ሠራተኛ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየችኝ። እየጮኽኩ ነበር። ስሜን ነገርኳት፤ ደግሜ፣ ደጋግሜ ነገርኳት።

እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ለእህቴ ስትናገር ጥርት ብሎ ተሰማኝ። «እንጃ፣ የማላውቃት ሴት ናት፤ ዝም ብላ ትጮኻለች። ዝጊልኝ በይ፤ ጁምዓ አይደል፣ ልጄ የምትደውልበት ሰዓት ነው፣ መስመሩ እንዳይያዝባት።»

እህቴ ሳትደርስበት እኔ ዘጋሁላት።