ሐሪካ ሲጠብቅ

ሳኒታይዘር እጄ ላይ ባፈሰስኩ ቁጥር ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር ወደነበርንበት ቤት ይመልሰኛል። ልቤ ግን አብሮኝ አይሄድም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

በኮሮና ከተማው የተዘጋ ሰሞን ነው። እኔ የጫማ ሱቅ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ የጎኔን ክፍል የተከራየች ጸጉር ሠሪ፣ የኬንያ ኪኩዩ። ሁለታችንም ሥራ ፈትተን በረንዳው ላይ የጠዋት ፀሐይ ስንሞቅ ተዋደድን። ልንጋባ ተስማማን። ሽማግሌ የምልክበት መንገድ ስላልነበረ ስልኩ ሽማግሌ ሆነልኝ።

አባቷ አልተቆጡም። "በእኛ ወግ ጥሎሽ ሲጀመር ሐሪካ ትጠራለች፤ ገና ያልወለደች ሴት ፍየል ናት። ስሟን እሱ ራሱ አስተካክሎ ይጥራልኝ፤ ያን ቀን እሺ እላለሁ" አሉ። እሷ ናት የተረጎመችልኝ።

ምን አላት ብዬ ነበር። የእነሱ ቋንቋ ግን ድምፅን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው የሚሄደው፤ የእኛ ጆሮ ደግሞ ማጥበቅና ማላላት ነው የለመደው። "ገና" ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት አይደል? "ድምፅህን አንሳ" ስትለኝ እኔ "ካ"ን አጠብቃለሁ።

"ኧረ አትርገጣት፣ ፍየሏን ገደልካት!" ትለኝ ነበር እየሳቀች። ማስኳን ወደ አገጯ አውርዳ በጣቷ አየር ላይ ዳገትና ቁልቁለት ትሥልልኛለች። አፏ ዝንጅብል ይሸት ነበር። በጣም እወዳት ነበር።

ለአባቷ በስፒከር አልኩላቸው። ከወዲያ ዶሮ ይጮሃል፤ ሰውየው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ይለማመድ፤ እሑድ ደውሉ" አሉ።

እሑድ ስልኩን ያነሳው ወንድሟ ነው። አባትየው መተንፈስ አቅቷቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ብዙም አልቆዩም። ቀብራቸውን ጎን ለጎን ተቀምጠን በስልኳ አየን፤ ኔትወርኩ ሲቋረጥ የሚወረወረው አፈር አየር ላይ ይቀራል። አላለቀሰችም። እኔም ምን ተሰማህ ብባል፣ ወንበሩ ይቆረቁር እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጋብቻ አላነሳንም። ድንበር ሲከፈት እናቷ ጋ ልትሄድ ተነሳች። ትመለሻለሽ ወይ አላልኳትም። ሻንጣዋን ታክሲው ላይ ጭኜ ስጨርስ፣ እንድታርመኝ ፈልጌ፣ ሆን ብዬ አጥብቄ "ሐሪካ" አልኳት።

ጣቷን አላነሳችም። "ሻርፕ" አለችኝ።

ጆበርግ ውስጥ "ሻርፕ" ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ቻው ማለትም ነው። የቱን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አልተመለሰችም።