የቅዳሜዋ ቮልስ

አሮጌ ቮልሳቸውን አቃቂ በሰቃ፣ ጉተማ የመኪና ኤሌክትሪክ በሚሠራበት በር ላይ ሲያቆሙ ሽማግሌው ሁሌም ያው ናቸው። ኮታቸው እስከ ላይ ተቆልፏል፤ ጫማቸው ሰርግ የተጠሩ ይመስል ያበራል። ከመውረዳቸው በፊት መሀረባቸውን አውጥተው ማንም ያልተቀመጠበትን የጎን ወንበር ያራግፋሉ።

«የዳሽቦርዷ መብራት ዛሬም ፊውዝ በላ፣ ልጄ። በጨለማ እንዴት ይነዳል?» ይላሉ። ስማቸውን ተናግረው አያውቁም። ቤታቸው በቂሊንጦ መንገድ፣ ከዚህ አምስት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ግን አንዴ ነግረውታል።

እሳቸው ደጅ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ጉተማ ተንጋሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። አራት ቅዳሜ ያደከመውን ሾርት ዛሬ አገኘው፤ ከሬዲዮው ኋላ ልባሱ የተላጠ አንድ ቀይ ሽቦ ብረት ይነካል። በናስትሮ ጠቀለለው፣ አዲስ ፊውዝ ከተተና ማብሪያውን ሳበ። መብራቱ ቦግ ሲል ዓይኑ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ላይ ዐረፈ።

ጉተማ መኪና በሠራ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን በመኪናው በር ጠርዝ ላይ የመጻፍ ልማድ አለው። የባለፈውን ቅዳሜ ቁጥር አየ። የጨመረው አስር ብቻ ነው፤ ከዚህ ቤታቸው፣ ከቤታቸው እዚህ። የፊተኞቹንም ሦስት ቅዳሜዎች ቆጠረ። አስር፣ አስር፣ አስር። መኪናዋ ከዚህ ሌላ የትም አልሄደችም።

«ተገኘ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ከደጅ፣ ድምፃቸው ወረድ ብሎ።

ጉተማ ፊውዙን ቀስ አድርጎ መልሶ ነቀለው።

«ኧረ የት ተገኝቶ፣ አባባ! ክፉ ሾርት ነው። ለቅዳሜ ይምጡ።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ፣ በርጩማውን ወደ እሱ ጠጋ እያደረጉ።