ክትባትና ክታብ

የወንድሜ ልጅ የለመነችኝ ነገር አጭር ነበር። «አባባ፣ ለገበሬዎቹ ‹ክትባት ነው፤ እንደ ከብቱ ነው› ብቻ ይበሉልኝ» አለችኝ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ደቀ መዛሙርት የግእዝ ግስ ሳስወርድ የኖርሁ ነኝና፣ አንዲትን ቃል ሳልፈታት ማለፍ አልሆነልኝም።

ልጅቱ ደብረ ታቦር ተቀምጣ የአሳ በሽታ ትመረምራለች። እኛ በምንኖርበት በይፋግ ዙሪያ ገበሬው ኩሬ ቆፍሮ ቀረሶ የሚባለውን አሳ ማርባት ከጀመረ ወዲህ፣ ቫይረስ የሚያመጣው በሽታ አሳውን በጀርባው እየገለበጠ ይፈጀዋል። እርሷም ከባልደረቦቿ ጋር ብዙ ዓመት ደክማ የዲኤንኤ ክትባት አዘጋጅታለች። የቀራት በኩሬ መሞከር ነው፤ የአሳዎቹ ጫጩቶች በሽታው ሳይደርስባቸው መወጋት ስላለባቸው ጊዜው ጠባብ ነው። ትልቁ ኩሬ የአንድ ጎረቤቴ ነው፤ ቆራቢ፣ የተከበረ ገበሬ፤ እርሱ እሺ ካለ ሌላው ይከተለዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬዎቹ በኩሬው ዳር ተሰበሰቡልኝ።

«ክትባት ከግእዙ ‹ከተበ› የወጣ ነው፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው» አልኋቸው። «ይህም በእውነት ጽሕፈት ነው። ቫይረሱ ራሱ አይገባም፤ ከእርሱ አንዲት ክፍል የምትሠራበት ትእዛዝ ብቻ በመርፌ ይገባል። የአሳው ሥጋ ትእዛዙን አንብቦ ያችን ክፍል ይሠራል፤ በእርሷም ጠላቱን አስቀድሞ ያውቃል።»

ጎረቤቴ ጥቂት አሰበና «የኔታ፣ ክታብም ከዚያው ቃል አይደለም?» አለኝ።

«እንዴታ! የአንድ ግስ ልጆች ናቸው» አልሁት፤ የጎበዝ ተማሪ ጥያቄ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ታዲያ አሳ አንገት የለው፤ የት ሊያንጠለጥሉለት ነው?»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። «ይህስ በአንገት አይንጠለጠልም፤ በሥጋው ውስጥ ነው የሚጻፈው» ስል ግን ሳቁ ተቆረጠ።

«እኔ ሥጋ ወደሙ እቀበላለሁ፤ ክታብ የተጻፈበት አሳ ከቤቴ አይገባም» ብሎ ጎረቤቴ ተነሣ። ሌሎቹም ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉት።

ክታብን ሳወግዝ ያረጀሁ ሰው፣ በሳምንቱ ገበያ «የኔታ ለአሳ ክታብ ይጽፋሉ» ተባልሁ። ላስተባብል ጎረቤቴ ቤት ድረስ ሄጄ «ይህ እኮ በሬዎችህ በየዓመቱ የሚወጉት ዓይነት ነው» ስለው፣ ፊቱ ጠቆረ።

«በሬዎቼም ላይ ሲጻፍባቸው ኖሯል በሉኛ!»

ቃሉን ባብራራሁ ቁጥር እየጨለመ ሄደ። የወንድሜ ልጅ መድኃኒቷን ይዛ ደጋግማ ወረደች፤ ደጋግማም ይዛው ተመለሰች። በሽታው ቀደማት። ጎረቤቴ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ያዞሩ አሳዎችን በቅርጫት ሲያወጣ፣ ከኩሬው ማዶ ቆማ አየችው።

«አባባ፣ ይህን ቃል እኮ ሕዝቡ ያለ ችግር ሲጠቀምበት ነበር» አለችኝ። መናገርን ስማር ኖሬ መተውን አለመማሬ አንገበገበኝ።

የከብት ክትባት ቀን ሲደርስ ላሜን ራሴ ስቤ፣ ከሁሉ ቀድሜ አስወጋኋት። ወሬ ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ ዙሪያዬን ቆመ፤ አንዳች ቃል አልተነፈስሁም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጎረቤቴ ሁለት በሬዎቹን እየነዳ መጣ።

«የኔታ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?»

በጄ ላሜን አሳየሁት።

በሬዎቹ ተወግተው እስኪያልቁ አጠገቤ ቆየ። «ለኩሬው አዲስ ጫጩት ላስመጣ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ልጅቱን ይላኩልኝ። አንቱ ግን፣ የኔታ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ እንዳይመጡ።»